መርፌዋ ስትዞር

የቆጣሪው መርፌ መዞር አልነበረባትም።

ድንቢጥ የውሃ ቆጣሪውን ክዳን በእጇ እንደያዘች ጓሮው ውስጥ ተንበርክካ ቀረች። ጓሮውን በደንብ ታውቀዋለች፤ የክፍል ጓደኛዋ የመቃ ቤት ነበር። ባንክ ከወረሰው ወዲህ ግን ሰው አይኖርበትም፤ ቧንቧው ሁሉ ዝግ ነው ተብሏል። ቀይዋ መርፌ ከመስታወቱ ሥር ቀስ እያለች ትዞራለች።

ከቤቱ ፊት ለፊት አባቷ ቆርቆሮ ሲቆርጥ ይሰማታል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩን የገነባው ድርጅት ባዶ የቀሩትን ቤቶች እንዲያሽግ ልኮታል። ደንቡ መጀመሪያ ቆጣሪ ማየት ነው። መርፌዋ ከቆመች ቤቱ ባዶ ነው ማለት ስለሆነ ውሃው ከዋናው ይዘጋል፣ መስኮቱ በቆርቆሮ ይመታል፣ በሩ ይቆለፋል። ቆጣሪ የማየቱን ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ ለምታግዘው ለድንቢጥ ሰጥቷታል። ድንቢጥ የሚለውን ስምም ያወጣላት እሱ ነው፤ በልጅነቷ እንደ ወፏ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም ነበር።

የሚያፈስ ነገር ይኖራል ብላ ስታስብ መርፌዋ ቀጥ አለች።

የሚያፈስ ቧንቧ በራሱ አያቆምም። ውስጥ ያለ ሰው ዘግቶታል።

ባለፈው ወር ታችኛው መንገድ ላይ ሌቦች ባዶ ቤት ገብተው ሽቦውን ሳይቀር ነቅለዋል፤ ሊያስጥል የሄደውን ዘበኛ ጭንቅላቱን ፈንክተውታል። ልትጮህ አፏን ከፈተች። የኩሽናው መስኮት ላይ የተለጠፈው ካርቶን ገለጥ አለና አንድ ዓይን አያት።

«እንዳትጮሂ! እኔ ነኝ።»

«መቃ?» አለች ድንቢጥ። «አክስትሽ ጋ አይደላችሁም እንዴ? በረንዳዋ ላይ ቆሜ ከተማውን ሁሉ አያለሁ ስትዪን አልነበር?»

«ሙድ አትያዥብኝ፣ እባክሽ። አክስቴ ሳምንት ሳይሞላን ቤቱ ጠበበኝ አለች። በዚሁ መስኮት ተመልሰን ገባን። ክፍል ውስጥ ምን ልበል? ሼም ነው።» መቃ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ሳበች። «እማዬ ሥራ ናት። ትንሹ ወንድሜ እንደ እሳት ይፋጃል። ጨርቅ እያረጠብኩለት ነበር።»

ከፊት በኩል መዶሻ ጓ አለ። ዓይኑ ከካርቶኑ ጀርባ ጠፍቶ ተመለሰ።

«አባትሽ ነው አይደል? እንዳትነግሪው። በእናትሽ!»

«ሊያሽገው እኮ ነው፣ መቃ! ውሃውንም ይዘጋዋል።»

«ይዝጋው። እማዬ ስትመጣ ታወጣናለች።»

«በየት በኩል? ቆርቆሮውን በጥርሷ ቀድዳ?»

መቃ አልሳቀችም። «ከነገርሽው ፖሊስ ይጠራል። እማዬን ይወስዷታል። ሌባ ነው የሚሉን፣ ገባሽ? በገዛ ቤታችን ሌባ!»

ድንቢጥ አባቷ ትናንት እራት ላይ ያወራውን አስታወሰች። የድርጅቱ ኢንጂነር ባንኩ ድረስ ሄዳ ስትከራከር ከርማ ነበር። ታሽገው የሚቀሩ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሌባ ይሰበስባሉ፤ እነሱን እያየ ከጎናቸው ቤት የሚገዛ የለም። ሰው ያለበትን ቤት አናሽግ ብላለች። ድርጅቱ ያድሰዋል፤ ነዋሪዎቹ አቅማቸው በሚፈቅደው ኪራይ ይቀመጣሉ፤ ሲያገግሙ መልሰው ይገዙታል። ባንኩም በስንት ልመና እሺ ብሏል። ኢንጂነሯ ይህን ይዛ በየበሩ ስታንኳኳ ግን የመቃ ቤት መልስ አልሰጠም። የመቃ እናት ያን ጊዜ ጎረቤት ሳያያት ዕቃዋን ጭና ሄዳ ነበር።

ይህንኑ በሹክሹክታ፣ እየተቻኮለች ነገረቻት።

«በመስኮት ለገባም ይሆናል?» አለች መቃ።

ድንቢጥ ይሆናል ልትል ፈለገች። «እሱን አላውቅም» አለች።

«አየሽ?»

«ድንቢጥ!» አባቷ ተጣራ። «ቆማለች ወይ?»

መርፌዋ ቆማለች። አዎ ብትል ቃሉ ውሸት አይሆንም ነበር። የባሰ ያስፈራትም ይኸው ነው። አንድ አዎ ብቻ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይመታል፤ መቃና የሚያተኩሰው ልጅ ውሃ በሌለበት ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ብትናገርስ? አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እሱም አለቃ አለው፣ እሱም ይፈራል። እናትየዋን ቢወስዷት መቃ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አትላትም።

«አልነግረውም» አለች ወደ መስኮቱ። «ራስሽ ንገሪው።»

«አብደሻል? ምን ብዬ?»

«ምንም አትበይ። ቧንቧውን ክፈቺው፤ መርፌዋ ስትዞር ራሱ ያያል።»

ካርቶኑ ተከደነ። ከውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ጠፋ።

አባቷ መዶሻውን ይዞ፣ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ነክሶ በቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ሲያያት ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። «ምነው፣ የኔ ልጅ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አባዬ፣ ና አብረን እንያት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ቆማ የለ እንዴ?» አለና መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። «በይ ዘወር በይልኝ፣ ዋናውን ልዝጋው።»

ድንቢጥ ዘወር አለች፤ ግን ሄዳ የዋናው መዝጊያ ክዳን ላይ ቁጭ አለች። የብረቱ ቅዝቃዜ በቀሚሷ አልፎ ተሰማት። ጉልበቶቿን በሁለት እጇ አቀፈች።

«ቀልድ ነው?» አለ አባቷ። «ተነሺ እንጂ፣ ሊመሽብን ነው።»

«አልነሳም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ትንሽ ጠብቅ፣ አባዬ። ትንሽ ብቻ።»

በሕይወቷ እንዲህ መልሳለት አታውቅም። አባቷ መፍቻውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። እሷን አየ፤ ከዚያ ከዚህ በፊት ያላስተዋለውን፣ ከውስጥ የተለጠፈውን የኩሽናውን ካርቶን አየ። መዶሻውን ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

ምንም አልተሰማም። አሁንም ምንም።

ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ቧንቧው አጉረመረመ፤ ውሃ ሳህን ላይ ሲወርድ ተሰማ።

አባቷ ወደ ቆጣሪው አጎነበሰ። ድንቢጥ ግን መርፌዋን አላየችም። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ የአባቷን ፊት፣ የአባቷን ፊት ብቻ ታይ ነበር።