አልቅት የሌለበት ውሃ

«ቀንጥሺው እንጂ! ጎመኑ እስኪያረጅ ነው የምትጠብቂው?» አለች እናቷ ምስራቅ።

ይታየሽ ቅጠሉን እንደያዘች ቆማለች። በሹራቧ ኪስ ውስጥ መምህር ምሳው ትናንት የሰጧት ወረቀት አለ። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ከየጓሮው ጎመን ሰብስቦ ለምርመራ ልኮ ነበር። የእነይታየሽ ጎመን እርሳስና አርሴኒክ የሚባሉ መርዞች ከልክ በላይ ተገኝተውበታል። «ዛሬውኑ ለእናትሽ አንብቢላት» ብለዋት ነበር፤ አላነበበችላትም።

ፈርታለች። ጎመኑ የሚጠጣውን ውሃ ያገኘችው ራሷ ናታ!

አምና ከወርቅ ቁፋሮው ስር የሚወርደውን ውሃ ስታይ ኩልል ያለ ነበር። እንቁራሪት የለበት፣ አልቅት የለበት። በሰቆጣ ዙሪያ ከብት ያጠጣ ሰው፣ ከበሬው ምላስ ስር የሚጣበቀውን አልቅት እንዴት እንደሚጠላው ይታወቃል። አልቅት የሌለበት ውሃ ማግኘት ሎተሪ ነው። እየሮጠች ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት፤ ምስራቅም ልጇን መርቃ እስከ ጓሮዋ ቦይ ቀደደች። ጎመኑም ለጉድ አደገ።

«ይታየሽ፣ አልቅት እንኳ ያልቻለው ውሃ ለሰው ይሆናል?» ነበር ያሏት መምህሩ።

ነገ ደግሞ የሰንበቴው ተራ የምስራቅ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ሳታይ ስትደግስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ከዚህ ጎመን ሊበላ ነው።

«እማ፣ ምስር ብቻ ብናቀርብስ?»

«ምን ነካሽ? ይሄን የመሰለ ጎመን እያለኝ ሰው ምን ይለኛል?»

«አይ… ምናልባት ቆሻሻ ካለው ብዬ ነው።»

«ሦስት ውሃ አጥበዋለሁ። አራተኛውን ጨው ጨምሬ።»

በሥሩ የገባውን መርዝ መታጠብም መቀቀልም አያወጣውም ብለዋታል መምህሩ። ብትናገር የእናቷ ድግስ ይበላሻል፤ ዝም ብትልስ?

የአራት ዓመቷ እህቷ መስታወት እናቷ ከያዘችው የጎመን ቅርጫት አንድ አገዳ መዝዛ ታኝክ ጀመር። እንደ ሁልጊዜዋ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ስታኝከው ከርማለች። ይታየሽ ዘልላ ከአፏ ነጠቀቻት። ልጅቷ በለቅሶ አካባቢውን አናጋችው።

«ምነው ይታየሽ! ለአንድ አገዳ ነው?» ምስራቅ ተቆጣች።

ይታየሽ አገዳውን ወረወረችው። ወረቀቱን ከኪሷ አወጣችው።

«እማ፣ ቅርጫቱን አስቀምጪውና ቁጭ በይ» አለች። «ውሃውን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ። ላንብብልሽ።»