ይርጋን የገደለው ሚግ

አቶ ይርጋ ከጉና ግርጌ፣ ገብስ ማሳቸው ዳር፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። እንደ ዓሣ የሾለ፣ ሆዱ የተቀደደ የሚግ አውሮፕላን ነዳጅ ታንክ ተጭኗቸዋል። ከደብረ ታቦር የመጣው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ጌጡ፣ ታንኩን አስነስቶ መሬቱን ዳበሰ፤ ቀዳዳውንም አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

ፈንታነሽ አባቷን ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አጣች። ዓይኗ መንገድ ዳር የቆመው ካሚዮን ላይ ነው፤ ወንድሟ ማሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተጭኖበታል። አባቷ ትናንት ማታ «ሙላቴ የራሱን ልጅ ደብቆ የእኔን ይሰጣል? ነገ አውራጃ ሄጄ እከሰዋለሁ!» ብለው ነበር። ሙላቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የአባቷም ታናሽ ወንድም ነው። አሁን ከሳሹ ሞተ። ካሚዮን ደግሞ ቀብር አይጠብቅም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይፍጠኑልኝ እንጂ! እርስዎ ብረት ሲያሸቱ ወንድሜ ሊሄድብኝ ነው!»

«አታጣድፊኝ ልጄ፤ የተጣደፈ የጣለውን ነው የምለቅመው።»

ጎረቤታቸውን ወይዘሮ የሺን ጠየቀ። ከሟች ጋር በድንበር ተጣልተው ነበር።

«ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ ጌታዬ! ሰማዩ ሲሰነጠቅ መሬት ተደፋሁ። ቀና ስል ባዶ ሰማይ!»

ሙላቴ ግን ብዙ አይቷል። «ድምፁን ሰማሁ፤ ቀና ስል ሚጉ ከራሳችን በላይ ነው። ታንኩን ለቀቀው፤ ዷ! ወንድሜ ላይ!» አለና የደረቀ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ጌጡ ሁሉንም ገብሱ ዳር ሰበሰበ። ምልምሎቹን የሚጭነው ካድሬም ሟቹ ሆን ብሎ ያስረፈደው ይመስል ሰዓቱን እያየ መጣ።

«ፖሊስ ሳልሆን ደብረ ዘይት አየር ኃይል ለሚግ ነዳጅ ስቀዳ ኖሬያለሁ» አለ ጌጡ። «ሚግ የጠላት አውሮፕላን አሳድዶ የሚጥል ነው፤ ሲከንፍ የገዛ ድምፁን ጥሎት ይሄዳል። ፍንዳታው ጆሯችሁ ሲደርስ እሱ ጉናን ተሻግሯል። ወይዘሮ የሺ ባዶ ሰማይ ያዩት ለዚህ ነው። እርስዎ ማንን አዩ፣ አቶ ሙላቴ?»

«እኔ እንጃ… ደንግጬ…»

«ይሁን። ግን ታንክ አንጠልጥሎ እንዲያ አይከንፍም፤ ወደኋላ ይጎትተዋል። አብራሪው አስቀድሞ ይጥለዋል። ደግሞ ከዚያ ከፍታ የወደቀ ብረት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እዚህ አንድ የገብስ ሥር አልተነቀለም። ይህ ድሮ ወድቆ ሰው ያነሳው ነው። አተላ አተላ ይሸታል። በሉ፣ የሁላችሁንም ከብት ልቀቁ!»

የይርጋ ላም ታንኩን አይታ በረገገች። የየሺ በሬዎች ዘወር ብለው ሣር ጋጡ። የሙላቴ ወይፈኖች ግን ቀጥ ብለው መጥተው አፋቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ።

«የመንግሥት ንብረት በረትህ ደብቀህ ገንዳ አደረግኸው» አለ ጌጡ፤ አክብሮቱ ከአፉ ጠፋ። «ወንድምህን በዱላ ጣልከው፤ ሚጉ ሲያልፍ ሰበብ አገኘህ።»

ሙላቴ ተንበረከከ። «አንድ ልጄን እኮ ነው ሊያስወስድብኝ የነበረው! አንድ ልጄን!»

ሚሊሻዎች ልጁን ከጎተራ ጎትተው ካሚዮኑ ላይ ወረወሩት። ማሩን ግን ማን ያውርደው?

«ሁለቱም ይሄዳሉ» አለ ካድሬው። «አንተ፣ ዕድሜህ?»

«አሥራ አምስት ነው!» ብላ ፈንታነሽ ቀደመችው፤ የማሩ ጢም ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ።

ካድሬው ወደ ጌጡ ዞረ። «ውሸት ለይተህ ታውቃለህ። እውነቷን ነው?»

ጌጡ ጢሙን አየ። ልጅቷንም አየ።

«አሥራ አምስት ነው። አውርዱት።»

ካሚዮኑ ተነሳ። ፈንታነሽ ወንድሟን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። የአጎቷ ልጅ ከላይ «ፈንቴ! ኧረ ፈንቴ!» እያለ ሲጣራ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።