ድምፅ የሌላት ፒካፕ

ዘበኛው ጋሽ እንድርያስ በሩን ሳይከፍቱ ሞቱ። ሲስተር ይመኙሻል ከቁርስ በኋላ ስታገኛቸው ጀርባቸው በብረቱ በር ላይ ተደግፎ፣ የበሩ ቁልፍ ገመድ በጣታቸው ተጠምጥሞ ነበር። ከፊታቸው፣ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ዳገቱ፣ ነጯ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ቆማለች። ፓራውልቷ ላይ ደም አለ።

ኢንስፔክተር ፍቅርአዲስ በባጃጅ ደረሰች። የጣቢያው መኪና ነዳጅ አልነበረውም። አለቃዋ «አደጋ ነው፤ ፈርመሽ ተመለሺ» ብሏታል።

የእናቶች ማረፊያው ግቢ ከመመገቢያ አዳራሹ እስከ በሩ ቁልቁል ነው። ፒካፗን አቶ ጥበቡ የሚባሉ የዲላ ቡና ነጋዴ ከወራት በፊት ለማረፊያው ለግሰዋል። ከኮቸሬ ገጠር ምጥ የያዛቸውን እናቶች የምታመጣው እሷ ናት።

«በራሷ ተንሸራታ ነው» አለች ወጥ ሠሪዋ ሸዋነሽ። «ሁላችንም ቁርስ ላይ ነበርን፤ ሞተር አልሰማንም። ደግሞስ መብራት ጠፍቷል። የመብራት መኪና መብራት በሌለበት እንዴት ትነሳለች?»

«የምትሄደው በባትሪዋ ነው» አለ ቶሌራ፣ ቻርጀሩን የተከለው የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ በተሰላቸ ድምፅ። «መብራቱ ለመሙላት ነው። ስንቴ ልንገርሽ?»

ፍቅርአዲስ ጎንበስ አለች። ከግራው የፊት ጎማ ስር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ድንጋይ ተሸጉጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ታኮ ነው» አለ ሹፌሩ ተሻለ። «ፍሬኑ የማይዝ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት የሚደረግ።»

«አንተ ነህ ያደረግከው?»

«እኔ?» ተሻለ ቅር አለው። «እኔ ሹፌር ነኝ።»

«ለዚህችስ ታኮ ያስፈልጋታል?» ብላ ወደ ቶሌራ ዞረች።

«በፍጹም። ማቆሚያዋን ሲጫኑ ጎማዋ ይታሰራል።»

ይህን ሲባባሉ አቶ ጥበቡ በትንሿ በር ገቡ። ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል። አስከሬኑን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ። ሰው የበላች መኪና እዚህ አትውልም።»

ሲስተር ይመኙሻል ከፊታቸው ቆመች። «የመኪናዋ ስም ወደ ማረፊያው ይዛወርልን ብዬ ስመላለስብዎ ከረምኩ። ዛሬ ነገ አሉኝ። እሷ ከሄደች እኮ ከሬኮ መንደር በላይ ያሉት እናቶች ወደ ቃሬዛ ሊመለሱ ነው። ሁለት እናቶች በቃሬዛ ላይ ነው የሞቱብኝ።»

«ለእኔ ነው ይህን የምትነግሪኝ? ከመኪና ረዳትነት የተነሳሁ ሰው ነኝ። የኮቸሬን ዳገት ከአይሱዙ ኋላ ድንጋይ ይዤ በሩጫ ነው የወጣሁት። የድሃ ነገር ይገባኛል።»

«ይህችን ንግግር በርክክቡም ቀን ሰምተናታል» አለ ተሻለ ወደ ጎን።

ፍቅርአዲስ ስለ መኪናዋ ሁለት ቁልፎች ጠየቀች። አንደኛው ተሻለ ለጉዞ ካልወሰደው በቀር ከሲስተሯ አንገት አይወርድም፤ ዛሬ ጠዋትም እዚያው ነበር።

«ሁለተኛው ሹፌራችሁ ዘንድ ነው» አሉ አቶ ጥበቡ። «በእጁ ነው የሰጠሁት።»

«አልተቀበልኩም» አለ ተሻለ።

«ትናንት ከጋሽ እንድርያስ ጋር ተጣልተሃል ይላሉ» አለችው ፍቅርአዲስ።

«ለግል ጉዳይ መኪናዋን ላውጣ ብዬ ከለከሉኝ። እና በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን ተኝቼ።»

አቶ ጥበቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍቅርአዲስ ተናደደች፤ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ፣ ምስክር የለ። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል እስኪሄድ፣ ፎቶው እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ ተሻለን ለብቻው ጠርታ አነጋገረችው፤ የሲስተሯን ቁልፍ ሰጥታም ፒካፗን ወደ አዳራሹ በኩል አስወጣችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ከበሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሹፌሩስ?» አሉ አቶ ጥበቡ። «አምልጧችሁ እንዳይሆን።»

«ይመጣል። ሲመጣ መኪናዋን እንሰማታለን አይደል፣ ሸዋነሽ?»

«እንዴታ፣ ጆሮ አለን» አለች ሸዋነሽ።

«ታኮ!»

ድምፁ ከጀርባቸው፣ ከትከሻቸው በላይ መጣ። ፒካፗ ቁልቁል ወርዳ አጠገባቸው ቆማለች፤ ተሻለ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ሸዋነሽ ወደ አጥሩ ሸሸች፣ ቶሌራ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። አቶ ጥበቡ ግን ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስተው ከግራው ጎማ ስር ሸጎጡ። ቀና ሲሉ እጃቸው ጭቃ ነው። ሁሉም ያያቸዋል።

«በደንብ ገብቷል» አለች ፍቅርአዲስ ድንጋዩን በእግሯ ገፋ አድርጋ። «አሁን ላስረዳችሁ። ሞተር ስላልሰማችሁ ማንም አልነዳትም አላችሁ። አሁንም አልሰማችሁም። ቀጥሎ፣ በራሷ የተንሸራተተች መኪና በሩ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች እንጂ አንድ እርምጃ ወደ ዳገቱ አትመለስም። ስለዚህ መሪው ላይ ሰው ነበረ። ጋሽ እንድርያስን ከበሩ ጋር ሲያጣብቃቸው ደነገጠ፣ ወደ ኋላ መለሳት። ከዚያ ወርዶ፣ እንደገና እንዳትሄድባቸው ድንጋይ አደረገ። ቶሌራ ቢሆን ማቆሚያዋን ተጭኖ ይተዋታል። ተሻለ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከመሪው ሆኖ ታኮ ብሎ የሚጮህ ሰው ነው፤ ወርዶ የሚያደርገው ረዳቱ ነው። እዚህ ደግሞ ረዳት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ተሰጠ፣ አልተሰጠም ተባባላችሁ። ማንኛችሁ እንደዋሸ የሚለይልኝ ይህ ድንጋይ ብቻ ነበር።»

አቶ ጥበቡ ጭቃውን በሱፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ያዙት፤ ለማን እንደሚሰጡት ያላወቁ መሰሉ።

«ልጄ እሁድ ሰርጓ ነው። ለሙሽራው ቤተሰብ መኪና እሰጣለሁ ብዬ ተናግሬ ነበር፤ በሰው ፊት። ይህችኑ ልወስድ መጣሁ፤ ስሟ በእኔ ስለሆነ። እንድርያስ በሩ ላይ ቆመ። የእናቶቹ ናት፤ በእኔ ላይ ታልፋለህ እንጂ አልከፍትም አለኝ። ላስፈራራው ነበር፤ ይሸሻል ብዬ። አልሸሸም።»

ሲስተር ይመኙሻል አላለቀሰችም። «በሰው ፊት ነበር ለእኛም የሰጡን» አለች።

ለፎቶው የመጡት ፖሊሶች አቶ ጥበቡን ወሰዷቸው። አንደኛው ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ። «ፒካፗ ኤግዚቢት ናት፤ ፍርድ ቤት እስኪያዝዝ ትታሸጋለች።»

«እስከ መቼ?» አለች ሲስተሯ። ስልኳ ጠራ። ሰምታ ዘጋችው። «ከሬኮ ነው። ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ያለች አለች፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ ጠፍቷል።»

ፍቅርአዲስ ማሸጊያውን ከፖሊሱ እጅ ተቀበለች። ድንጋዮቹን በፌስታል ጠቅልላ ፒካፗ ውስጥ ገብታ ከእግሯ ስር አስቀመጠች።

«ኤግዚቢት ከፖሊስ እጅ አይወጣም። እኔም አልወርድም። ተሻለ፣ ንዳ።»

«ባትሪዋ ሬኮ ታደርሳለች» አለ ቶሌራ በመስኮቱ። «ለመመለስ ግን እዚያ መሞላት አለባት።»

«ሬኮ መብራት አለ?»

«ሲኖር ይኖራል» አለች ሲስተሯ።

ፍቅርአዲስ የጋሽ እንድርያስን የበር ቁልፍ ከነገመዱ ከማስረጃው ከረጢት አውጥታ ለሲስተሯ ሰጠቻት። ይመኙሻል በሩን ከፈተች። ፒካፗ ያለ ድምፅ ወደ መንገዱ ወጣች።

«ክላክስ እያደረግህ ሂድ» አለችው ፍቅርአዲስ። «ሰው ይስማን።»