ጨረቃ ባልታየችበት ምሽት

ቴንሜይ በተባለው ዘመን በሦስተኛው ዓመት፣ በስምንተኛው ወር ጨረቃ በምትሞላበት ቀን፣ በናንቡ ግዛት የምትገኘው የኩማኖሳዋ መንደር እንደ ወጓ ጨረቃ ለማየት ከመቅደሱ ደጅ ተሰበሰበች። የዚያ ዓመት ፀሐይ አልሞቀችም፤ ከባሕር የሚነፍሰው ብርድም ሳያባራ ሩዙ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ፤ ስለዚህ ለጨረቃዋ የሚቀርበው የሩዝ ድብልብል ቀርቶ፣ ለወጉ ያህል ሰንበሌጥ ቆሞ፣ ከየቤቱ የተረፈው የዘር ጎደሬ በአንድ ገበታ ተደረደረ። ጨረቃዋ ካየችው በኋላ ለከርሞ ዘር ወደ ጎተራ ሊመለስ ነበር።

ድሮ በዚህ ምሽት ልጆች ከገበታው ሲሰርቁ በረከት ነው ተብሎ ዝም ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ግን መንደሩ ተማምሏል፤ እህል የሰረቀ ከነቤተሰቡ ወደ ተራራው ማዶ ይባረራል። ከዚያ ማዶ ደግሞ የተመለሰ የለም።

አሮጊቷ ኦታኔ የልጅ ልጇን የሂሳን እጅ አጥብቃ ይዛ ነበር፤ እጅ ለመንሳት ብትለቃት ግን ልጅቷ ሮጣ አንድ ጎደሬ ነከሰች። ጥሬው አፏን እያሳከካት፣ እያለቀሰች ታላምጣለች።

«ያዟት!» አለ የመንደሩ ሹም ጊሄይ።

ኦታኔ ጭቃው ላይ ተደፋች። «ጌታዬ፣ የጨረቃ ምሽት እኮ ነው! ዛሬ ልጅ ሌባ አይባልም። እርስዎስ በልጅነትዎ የእኔን ደጅ የጨረቃ ገበታ ሙልጭ አድርገው በልተው ሆድዎን ታመው አልነበር?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያውም ዋጠው።

«እሱ ጨረቃ ከወጣች በኋላ ነው፣ እማማ! የታለች? እስቲ ያሳዩኝ።»

ሁሉም ቀና አለ፤ ደመናው እንደ ድስት ክዳን ገጥሟል።

«ወጥታለች! እኛ ነን ያላየናት።»

«ያልታየች ጨረቃ አትመሰክርም። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ።»

ኦታኔ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ልጆቻችሁን ምን ይዛችሁ ትቆማላችሁ? ልቀቋቸው! ሁሉም ከሰረቀ ማን ማንን ያባርራል?»

«አብደዋል እንዴ?» አለች ጎረቤቷ ኦሪኩ፤ «ዘሩ ነው እኮ! ለከርሞ ምን ልንበላ?»

«ለከርሞ ማን ሊኖር?»

ኦሪኩ አጥንቱ ብቻ የቀረውን የልጇን ክንድ አየችና ለቀቀችው። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም። ልጆቹም ገበታውን ወረሩት። ጊሄይ «ዘሩን! ኧረ ዘሩን!» እያለ ገበታው ላይ ተደፋ፤ የሰማው የለም።

የብርዱ ወራት አልፎ በረዶው ሲቀልጥ የግዛቱ ሹማምንት መጥተው ባዶ ቤቶች አገኙ፤ «የኩማኖሳዋ ሰዎች ዘራቸውን በልተው ጠፉ» ብለውም ጻፉ። እውነት ነው፤ በልተዋል። ኋላ ያነበቡትም ሞኝነታቸውን አንሥተው ፈረዱባቸው። ያን ምሽት ግን ከመንደሯ አንድም ልጅ እንዳልተባረረ የጻፈ የለም።