በጾም የተመታው ከበሮ

የወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት የብር መስቀል ሁለት ጊዜ ተሰረቀ። መጀመሪያ ከዕቃ ቤት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን።

የመጀመሪያው ስርቆት በዐቢይ ጾም ሆነ። ቅዳሴ አልቆ ዕቃ ቤት ጠባቂው ቄስ ሐብተ ማርያም ልብሰ ተክህኖውን ሊመልሱ ሲገቡ መስቀሉ ከሣጥኑ ውስጥ የለም። ጮኹ። ሕዝቡ ወዲያው የግቢውን በር ዘጋ። ከቅርቡ ከተማ ከኮሶዬ ፖሊስ መጣ። የወጣ ሰው ሁሉ ጋቢው ተራግፎ፣ ከረጢቱ ተገልብጦ ወጣ። መስቀሉ ግን አልተገኘም። ቁልፉ በቄስ ሐብተ ማርያም እጅ ስለነበር እሳቸው ታሰሩ። ማስረጃ ሲጠፋ ተፈቱ።

ሁለተኛው ስርቆት የባሰ ነበር። «የጠፋው ክር» የተባለው ተከታታይ የወንጀል ድራማ ያንን ታሪክ ስምና ቦታ ቀይሮ ባንድ ክፍል አቀረበው። በመጨረሻው ትዕይንት ሽማግሌው ዕቃ ቤት ጠባቂ መስቀሉን ላንድ አስጎብኚ ሲያስረክብ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ስም ቢቀየር ምን ዋጋ አለው? የኮሶዬ ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ ቄስ ሐብተ ማርያምን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። የሰበካ ጉባኤውም በመጪው እሑድ ከአገልግሎት ሊያሰናብታቸው ቀጠሮ ያዘ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሳቸው ስም ግን በቁማቸው ሊቀበር ነው። ስለዚህ ጎንደር ወርደው፣ ፒያሳ ደርሰው፣ የትርንጎን በር አንኳኩ።

ትርንጎ የቀድሞ የወንጀል መርማሪ ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ስልኳን መቆሚያ ላይ አቁማ በየሳምንቱ የወንጀል ድራማ በቪዲዮ ትተቻለች። ትተቻለች ማለትስ ሲያንስ ነው፤ ታብጠለጥላለች። ደራሲ ይፈራታል፣ ተመልካች ይወዳታል፤ እሷም ሁለቱንም አሳምራ ታውቃለች።

«አባቴ፣ ክፍሉን አይተውታል?»

«ቴሌቪዥን የለኝም፣ ልጄ። በሰው ዓይን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው አብረን እናየዋለን። ሌባው እርስዎ ከሆኑ ግን አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ ጊዜዬ ሲባክን አልወድም።»

«አልወሰድሁም።»

ትርንጎ ጠበቀች። ሌባ ብዙ ያስረዳል። ሽማግሌው ግን ያንን ብለው ዝም አሉ። ይህን ወደደችላቸው።

ድራማውን ከፈተችው። ገና ከመጀመሩ ምላሷ ተፈታ።

«ይኸው! መርማሪው ጥቁር መነጽር አድርጎ ጨለማ ዕቃ ቤት ገባ። በምኑ ሊያይ ነው? ባፍንጫው?»

ቄስ ሐብተ ማርያም ዓይናቸውን ከምስሉ አልነቀሉም።

«አሁን ደግሞ ከድንጋይ ግድግዳ አሻራ አነሣ። እኔን ከብርጭቆ ላይ እንኳ ስንቴ አቅቶኛል! ወይ ጉድ!»

አስጎብኚው ብቅ ሲል ምስሉን አቆመችው። እውነተኛውን ታውቀዋለች። ፋንታሁን ይባላል፤ በደባርቅ መንገድ ላይ ምግብ ቤት አለው፤ እንግዶችን እየመራ መስቀሉን ያሳይ ነበር። መስቀሉ መጥፋቱን የሰማች ጊዜም ጠርጥራው ስለነበር ስልክ ደወለችለት።

«መስቀሉ የጠፋ ዕለት የት ነበርህ?»

«ምግብ ቤቴ ነዋ! ለፖሊሶቹ ሽሮ አቅርቤ። ስልክ ሲደወልላቸው ጉርሻው ባፋቸው ነበር።»

«ሌላስ ምስክር አለህ?»

«ኧረ እትዬ! ፖሊስ ከመሰከረልኝ ወዲያ ምን ይሻሉ? ሽሮውን ሳይጨርሱ ነው የሮጡ፤ ለውሻ ሰጠሁት!»

ትርንጎ ስልኩን ዘጋች። ያ መንገድ ተዘጋ። ቅር አላት፤ ፋንታሁን ሌባ ቢሆን ነገሩ ይቀልላት ነበር።

ድራማው ቀጠለ። ቄስ ሐብተ ማርያም ቀስ በቀስ ወደ ምስሉ ተጠጉ።

«ጥምጥማቸው ልክ ነው። የቅዳሴው ሰዓትም ልክ ነው። የመቋሚያ አያያዛቸው ሸጋ ነው።»

«አየሁ» አለች ትርንጎ፣ በቁጭት። እንከን ሲጠፋ ይከፋታል። «የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ያስተካከለላቸው አዋቂ ሰው ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ማሕሌቱ ተጀመረ። ዱም! ከበሮ ተመታ።

«በጾም?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ትርንጎ ሳቀች። ለሳምንቱ ዝግጅቷ ርእስ አገኘች። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይሰማም፤ በዜማና በመቋሚያ ብቻ ይዘመራል። ይህን የጎንደር ሕፃን ያውቀዋል። ሳቋ ግን አልረዘመም።

«አባቴ፣ የጥምጥም ስሕተት ያላሳለፈ ሰው እንዴት የከበሮ ያሳልፋል?»

«እኔንም ገረመኝ። እኛ ዘንድስ እንኳን ሊመታ፣ ያን ዕለት ከበሮው ጭራሽ ወጥቷል።»

«ወጥቷል? ወዴት?»

«ወደ ጎንደር። ቆዳው ክንድ የሚያስገባ ቅድ ነበረው። በጾም ሥራ ስለሚፈታ ቆዳ የምናስለብሰው ያን ጊዜ ነው። ኢሱዙ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ከፍተሻው በኋላ ተጫነ።»

«ማን ጫነው?»

«መሪጌታ ሙሉሰው። የዜማ መምህራችን ነበር፤ አሁን እዚሁ ጎንደር ያስተምራል።»

ትርንጎ ድራማውን ወደ መጨረሻው አሻገረችው። ስሞች በፍጥነት ያልፋሉ። አቆመች፣ መለሰች፣ እንደገና አቆመች። «የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አማካሪ፦ መሪጌታ ሙሉሰው» ይላል።

አዲስ አበባ ላለችው ለድራማው ደራሲ ለዝማሬ ደወለች። ልጅቱ ድምፅዋን ስትሰማ ደነገጠች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ገና ሳይጀምሩ ይቅርታ!»

«ዛሬ አልቆጣሽም። ከበሮውን ማን ጻፈው?»

«እኔ አልጻፍኩትም! ድርሰቱ ላይ መቋሚያ ብቻ ነበር። ቀረጻ ላይ ያስገቡት መሪጌታ ናቸው። ከበሮ የሌለው ማሕሌት ለዓይን አይሞላም አሉን።»

«ታሪኩንስ ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው። ሌባው ማን እንደሆነም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ቀጥላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ኮማንደር አንዱዓለም በሥሯ የሠለጠነ ነው። መስቀሉ ሲጠፋ የኮሶዬ ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ያስፈተሸውም እሱ ነው።

«አንዱዓለም፣ ያን ዕለት ምን ምን ፈተሽክ?»

«ሁሉን። የባልቴት መቀነት ሳይቀር።»

«ከበሮውንስ?»

«የቱን ከበሮ?»

«ኢሱዙ ላይ የተጫነውን።»

ኮማንደሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱን እንኳ... ባንድ በኩል ያነሣሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ከብዶህ ነበር?»

«ከበሮ መቼ ቀሎ ያውቃል፣ እትዬ?»

«ውስጡ ባዶ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!»

አንዱዓለም ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ፖሊስ ነውና ተከራከረ። «ይህ ግምት ነው። በግምት ሰው ቤት አይፈተሽም።»

«ግምት አይደለም፣ ሂስ ነው። ነገ ተራ ልብስ ለብሰህ ትከተለኛለህ።»

በማግስቱ መሪጌታ ሙሉሰውን በጽድ ጥላ ሥር ደቀ መዛሙርታቸው ከበዋቸው ሲያስተምሩ አገኟቸው። ድምፃቸው ያምራል፤ ይህን ጠላታቸውም አይክድም። ትርንጎ በትሕትና እጅ ነሣች። ትሕትና ስታበዛ የሚያውቋት ይሸሻሉ። መሪጌታ ግን አያውቋትም።

«መሪጌታ፣ ያንን ድራማ ልተች ነው። ሥርዓቱን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ጥምጥሙ፣ ሰዓቱ፣ መቋሚያው፣ እንከን አላገኘሁበትም።»

«እኔ እያለሁ እንከን ከየት ይመጣል?»

«ከበሮው ግን ተመታ። በዐቢይ ጾም።»

ደቀ መዛሙርቱ ቀና ቀና አሉ። አንዱ ፈገግታውን በነጠላው ሸፈነ።

«እሱ የነሱ ስሕተት ነው» አሉ መሪጌታ። «ከተሜ ምን ያውቃል?»

«ደራሲዋ ያስገቡት መሪጌታ ናቸው አለችኝ። እንግዲህ ባያውቁ ነው ብዬ ልለፈው?»

ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«እኔ? ከልጅነቴ የጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ የቀጸልሁት ሰው? በጾም ከበሮ እንደማይመታ እኔ ላላውቅ?»

«ያውቁ ነበር?»

«አሳምሬ!»

«አውቀው ነው ያስገቡት፣ በሉኛ።»

ባላዋቂነት መታማት ለመሪጌታ ከሞት ይብስ ነበርና ተጣድፈው ዘለሉ፤ የዘለሉት ግን ገደል ውስጥ ነው።

«ለምን አስገቡት፣ መሪጌታ? የአገሩ ሰው ከበሮውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲመታ ካየ፣ በኢሱዙ የወጣውን እንዳያስታውስ ብለው ነው?»

«ከበሮው ቆዳ ሊለብስ ነው የሄደ! አገር ያየው ነው!»

«ሲሄድ ምን ይዞ ነበር?»

ይኼኔ አንዱዓለም ወደፊት ራመድ አለ።

«ያስታውሱኛል? ባንድ በኩል የያዝኩልዎ እኔ ነበርኩ። ስናነሣው ውስጡ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።»

«ውሸት!» አሉ መሪጌታ። «በጋቢ ጠቅልዬው እንዴት አድርጎ...»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ደቀ መዛሙርቱ አንድ በአንድ ተነሡ። ትርንጎ አንዱዓለምን ዞር ብላ አየችው። እንደ ተንኳኳ ትናንት አልነገራትም ነበር። ውሸት እንደ ሆነ ገባት፤ ኮራችበት።

መስቀሉ ከመሪጌታ አልጋ ሥር ተገኘ። በዚያው ጋቢ እንደ ተጠቀለለ ነው። አልሸጡትም፤ ለመሸጥም አልወሰዱትም።

«ቅኔ የተቀኘሁት እኔ፣ ድጓ ያስመሰከርሁት እኔ» አሉ ጣቢያ ሲደርሱ። «የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ግን ለሐብተ ማርያም ሰጡት። ደግ ሰው ነው ብለው! ደግነት ትምህርት ነው?»

«ቁልፉን ከየት አመጡት?» አለ አንዱዓለም።

«እሱ መቅደስ ገብቶ ሲቀድስ ካባውን ከውጭ ይሰቅላል። ከኪሱ አወጣሁት፤ መለስሁት። ጥቂት ቀን ላሳፍረው ብዬ እንጂ፣ ኋላ ተገኘ ብዬ ላመጣው ነበር። ሲያስሩት ፈራሁ። ፊልም የሚሠሩት መጥተው ሌባው ማነው ሲሉኝ ሐብተ ማርያም አልሁ። ደጋግሜ ስናገረው ጊዜ፣ እኔም ያመንሁት መሰለኝ።»

ቄስ ሐብተ ማርያም ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ደረሱ። አንዱዓለም እንደ ሕፃን እየተደሰተ ተቀበላቸው።

«አባቴ፣ ስምዎ ነጻ ወጣ! የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ይቅርታ ሊሉዎት ውጭ ቆመዋል።»

«ይቆዩ። መጀመሪያ እሱን ላግኘው።»

«ማንን? መሪጌታን? ምን ሊሠሩ?»

«የንስሐ ልጄ ነው።»

በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ። ትርንጎ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች። መጠበቅ አትወድም። ሽማግሌው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ይቅርታ ጠየቀዎት?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

«ምነው? እርስዎ ምን በደሉት?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባውን ስረግም ኖርሁ፣ ልጄ። መቅደስ ቆሜ ሳይቀር። ስሙን ሳላውቅ የረገምሁት የገዛ ልጄን ኖሯል።»

ትርንጎ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሌባ ይዛለች፤ ብዙ ንጹሕ ሰውም አስፈትታለች። አንድም ቀን ሥራ ላይ አልቅሳ አታውቅም። ያን ዕለት ግን በጣቢያው ኮሪደር፣ አንዱዓለም እያያት፣ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።