ስልኩን አትዝጋው

እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት፣ ሙት አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በልቤ እስቅ ነበር፣ ሥራዬም ሽቦና ብሎን ስለሆነ አንድ ነገር ከበራ ያበራው ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አሁንም ይህን የማወራህ ላሳምንህ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ ብዬ ነው።

ሞባይል ጅማ ሳይገባ ነው። እኔና ጓደኛዬ ነዚፍ እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ ከአጎቱ የጨርቅ መደብር ጀርባ ያለችውን ክፍል ይዘን ኢንተርኔት ቤት ልንከፍት ስንዘጋጅ፣ ያለን ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገዱ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮችና አንድ የስልክ መስመር ነው፣ አንደኛዋ በስልኩ ትደውላለች፣ ሌሎቹ በኬብል ከእሷ ይካፈላሉ፣ ታዲያ ኢንተርኔት ውስጥ እስካለህ ድረስ ስልኩ ተይዟል፣ ማንም ደውሎ አያገኝህም። ሦስተኛዋን ነዚፍ በራሱ ስም ነው የሰየማት፣ እሷ ላይ ተቀምጦ አጫጭር መልእክት እየላከ ያሾፍብኝ ነበር፣ መልእክቱ እኔ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ከላይ የላኪው ስም ይታያል።

አንድ ቅዳሜ ነዚፍ ለአክስቱ ለቅሶ ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሰቃ ሄደ።

"ማሎ፣ ሦስቱንም አገናኝተህ ጠብቀኝ፣ ሳይመሽ እመጣለሁ ኢንሻአላህ" ብሎኝ ወጣ፣ ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፣ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራስህን ድምፅ አትሰማም። የነዚፍ ኮምፒውተር አልነሳም ስላለችኝ ክዳኗን ከፍቼ፣ ሚሞሪዋን አውጥቼ፣ ኬብሏን ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ በሁለቱ ብቻ ሞከርኩ፣ ከስልኩ መስመር የሚያገናኘን ሞደም እንደ ልማዱ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ገባ፣ ሁለቱም ላይ ገጽ ሲከፈት ብቻዬን አጨበጨብኩ። ወዲያው ኬብሎቹ የሚሰኩባት ሳጥን ላይ ሦስተኛዋ መብራት በራች። ምንም አልተሰካባትም። እርጥበት ነው አልኩ። ከኋላዬ ቀጭ ቀጭ የሚል የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ፣ ስዞር ዝም አለ፣ አይጥ ነው አልኩ። ፊቴን ስመልስ ስክሪኔ ላይ መልእክት አለ፣ ላኪው ነዚፍ ነው፣ በላቲን ፊደል "ገባልህ?" ይላል።

እመነኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ የሆነ ዘዴ አግኝቶ እየቀለደብኝ ነው ብዬ።

"የት ነህ?" ብዬ ጻፍኩ።

"ሰቃ።"

ያኔ ሰቃ እንኳን ኢንተርኔት ኮምፒውተርም መኖሩን እንጃ።

"አትቀልድ፣ ና በቃ።"

"በረደኝ" አለ። ቀጥሎ፣ "ስልኩን አትዝጋው።"

የስልኩን ሽቦ ልነቅል እጄን ስዘረጋ እንደገና፣ "ማሎ አትዝጋው፣ ብቻዬን ነኝ" ብሎ መጣ። አንተ ብትሆን ጓደኛህ እንዲህ ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ቁጭ አልኩ፣ እየፈራሁ፣ እየጻፍኩለት፣ የጠየቅኩትን ይመልሳል፣ በመሃል በረደኝ ይላል፣ ከኋላዬ ያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አላቋረጠም፣ ደግሜ ለመዞር ግን አልደፈርኩም።

ሊጨልም ሲል መብራት ሄደ፣ ሁሉም ጠፋ፣ ስልኩ ያኔውኑ ጮኸ። የነዚፍ ታላቅ ወንድም ከድር ነበር፣ ከሰቃ።

"ምን ሆነህ ነው አንተ! ስንደውል፣ ስንደውል ተይዟል! የአጎታችንን መኪና እንድትልክልን ነበር እኮ!"

የለቅሶው ቤት ግድግዳ በዝናቡ ተደርምሶ ነዚፍ ላይ ወድቆበታል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሰቃ ውስጥ አንድም መኪና አልተገኘም፣ የአጎቱ ላንድክሩዘር ደግሞ እኛ በር ላይ ቆማለች።

"አሁኑኑ ይዤያት እመጣለሁ!" አልኩት።

"ተወው" አለኝ ድምፁ ወርዶ፣ "አልቋል። ኢና ሊላሂ።"

ከቀብሩ በኋላ ከድርን ለብቻው አግኝቼ፣ ነዚፍ ከተጎዳ በኋላ ራሱን ያውቅ እንደነበር ጠየቅኩት።

"እስከ መጨረሻው ያውቅ ነበር ወላሂ" አለኝ። "የእናንተን ቁጥር የነገረን ራሱ ነው። 'እዚያው ነው ያለው፣ ደግማችሁ ሞክሩ፣ አሁን ይዘጋዋል' እያለ ነው የሞተው።"

ለከድር ምንም አልነገርኩትም፣ ምን ብዬ? ነዚፍ ሰቃ ተኝቶ ስልኩ እንዲዘጋ ሲጠብቅ፣ በእሱ ስም አትዝጋው እያለ ሲለምነኝ የዋለው ማነው? ኢንተርኔት ቤቱ ሳይከፈት ቀረ፣ እኔም ከጅማ ወጣሁ፣ አሁን ትዳር ይዣለሁ፣ ሆኖም እስከ ዛሬ ሰው በጽሑፍ "አለህ?" ሲለኝ፣ ሚስቴ እንኳ ብትሆን፣ ደውዬ ድምፅ ሳልሰማ አልመልስም።