የእትዬ ገበያነሽ ተራ

የቱላው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሲንገጫገጭ ታቢታ ገና ሰልፉ ጭራ ላይ ነበረች። ከፊቷ ሰው አለ፣ ዘንቢል አለ፣ ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ወረፋ እንዲይዝለት ያስቀመጠው ድንጋይም አለ። አዋሳ መናኸሪያ ውስጥ ድንጋይ እንኳ ከእሷ ይቀድማል። ደክሟታል። ከትምህርት ቤት በሩጫ ነው የመጣችው፤ ነገ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አለባት።

ያስጨነቋት መናኸሪያው በር ላይ የቆሙት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ከየመኪናው የሚወርደውን ጎረምሳ እየለቀሙ ለውትድርና ይጭናሉ። ታላቅ ወንድሟ ሙሴ ደግሞ ቱላ አክስታቸው ቤት ተደብቆ ከርሞ፣ «መደበቅ ሰለቸኝ፤ ዛሬ በመጨረሻው መኪና እመጣለሁ» ብሎ ልኳል። የመጨረሻው መኪና ይኸው ነው፤ ቱላ ደርሶ ይመለሳል። እሷ ካልደረሰችለት በገዛ እግሩ መጥቶ እጃቸው ላይ ይወድቃል።

ሰልፉን ጥሳ ወደ ፊት ሄደች።

«አንቺ፣ ተራሽ የት ነው?» አሉ ተራ አስከባሪው ጋሽ ወልደጻድቅ።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ያስገቡኝ።»

«ሁሉም ዛሬን ብቻ ነው የሚለው። ተመለሺ።»

አንዱ ጠባቂ ዞር ብሎ አያት። እውነቱን እዚህ መናገር አይቻልም። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ሀዘን ደርሶብኝ ነው።»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ወንድሜ።»

ምነው ምላሷን በቆረጠው። ከስንቱ ዘመድ መርጣ፣ ልታድነው የምትሮጥለትን ልጅ ገደለችው። ሰልፉ ግን መንገድ ለቀቀላት። ሀዘንተኛን ማን ተራ ይጠይቃል?

«የቀረኝ የአንድ ሰው ቦታ ነው» አለ ረዳቱ።

ተራው የእትዬ ገበያነሽ ነበር። ታቢታ አታውቃቸውም፤ ስማቸውንም የሰማችው ጋሽ ወልደጻድቅ ሲጠሯቸው ነው። ላምባ የሞላ ጀሪካን ይዘዋል። እግራቸው አብጦ ከነጠላ ጫማው ተርፏል።

«እሷ ትሂድ። እኔ በእግሬ አዘግማለሁ» አሉና የታቢታን ጉንጭ ሳሙ። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ።»

ታቢታ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አፍራ ገባች።

ቱላ ሲደርሱ ሙሴ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል።

«ተመለስ» አለችው። «መናኸሪያው አፈሳ ነው።»

«ታቢ፣ ሰለቸኝ እኮ። የአክስቴን ዶሮዎች ሁሉ ስም አውጥቼላቸው ጨረስኩ።»

«እኔም ሰልችቶኛል። ሞተሃል ብዬ ዋሽቼ ነው የመጣሁት። እውነት እንዳታደርግብኝ።»

ሙሴ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቦርሳውን እንዳነገተ ወደ አክስታቸው ቤት ዞረ።

ረዳቱ «አዋሳ፣ አዋሳ» እያለ ይጣራል። አሁን ገብታ ብትቀመጥ ቤቷ ትደርሳለች፣ ደብተሯን ታያለች፣ ትተኛለች። እንቅልፉ እንዴት አማራት። ሴትዮዋ ግን ይሄኔ በዚያ እግራቸው መንገድ ላይ ናቸው፤ መኪናው ደግሞ መናኸሪያ ሳይደርስ ሰው አያወርድም። እውነቱን ብትነግራቸው ለቀበሌ ቢናገሩስ? ዝም ብትል ደግሞ ማንም አያውቅባትም።

«ትገቢያለሽ አትገቢም?» አላት ረዳቱ።

«ጠዋት እሄዳለሁ።»

አውቶቡሱ አቧራውን አልብሷት ሄደ። እሷም በዚያው መንገድ በእግሯ ተከተለችው።

እትዬ ገበያነሽን ያገኘቻቸው ጀሪካኑን አስቀምጠው መንገድ ዳር እንደተቀመጡ ነው። ሲያይዋት ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ለቅሶውን ጥለሽ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ የለም እትዬ» አለች። «ወንድሜ አልሞተም። ሊያፍሱት ስለነበር ነው። ዋሽቼዎት ነው።»

እትዬ ገበያነሽ እግራቸውን አዩ፣ የመጡበትን መንገድ አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ። ታቢታ ስድቡን ጠበቀች። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

«አሁን ደህና ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ነው።»

«እንኳን አልሞተ።» ጉልበታቸውን ይዘው እየቃተቱ ተነሱ። «ጀሪካኑን ግን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።»

ታቢታ አነሳችው። ከባድ ነው።

«ቤትዎ ሩቅ ነው እንዴ እትዬ?»

«ሩቅ ነው» አሉ፤ ተያይዘው ሄዱ።